ቴትሳ ሪቨር ሎጅ፦ ረቡዕ ደርሰን ሐሙስ የበላነው ዳቦ

በአር ቪ፣ ማለትም አልጋና ምድጃ ባለው የማደሪያ መኪና፣ በካናዳ ሰሜን ወዳለችው ዋትሰን ሌክ ለመሄድ የምታስቡ ካላችሁ አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ቴትሳ ሪቨር ሎጅ የሚባለው የመንገድ ዳር ማረፊያ ቤት ረቡዕ ወይም ዓርብ እንዳትደርሱ። ቤቱን ያስጠራው የቀረፋ ዳቦ የፍስክ ነው። ጿሚ እናት ይዞ በዚያ ሽታ ውስጥ መቀመጥ ምን ያህል እንደሚከብድ እኔ አይቼዋለሁ።

እማዬ ከደብረ ማርቆስ ለክረምት መጥታ ኤድመንተን እኛ ጋ ነበረች። ቤት ውስጥ ተዘግታ ከምትውል አገሩን እናሳያት ብለን 25 ጫማ አር ቪ ተከራየን። ቀኑን የመረጥነው በእሷ ጾም ነው። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ይፈታል፣ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል፤ በመሃል ያለው ሦስት ሳምንት ተኩል ገደማ ረቡዕና ዓርብ ብቻ የሚጾምበት ነው። ለሰሜኑ መንገድም ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። ሳሩ ለምልሞ፣ ፋየርዊድ የሚሉት ሐምራዊ አበባ መንገዱን ግራና ቀኝ ይዞት፣ ፀሐይዋም እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት አካባቢ አትጠልቅም።

ሰኞ ከኤድመንተን ተነስተን 590 ኪሎ ሜትር ያህል ነድተን ዳውሰን ክሪክ አደርን። የአላስካ አውራ ጎዳና የሚጀምረው እዚያ ነው። ማክሰኞ ፎርት ኔልሰን ገባን። ረቡዕ ጠዋት የወጣነው ግን ቀደም ሲል ከለመድነው የተለየ መንገድ ላይ ነው። ከፎርት ኔልሰን በኋላ ስልክ ለረጅም ርቀት አይሠራም፣ ማደያም ከማደያ ይርቃል። ካርታችሁን አስቀድማችሁ ስልካችሁ ላይ አውርዱ፤ ነዳጅ ከግማሽ በታች ሳይወርድ ባገኛችሁበት ቅዱ፤ የአር ቪውን የቆሻሻ ውሃ ፎርት ኔልሰን ላይ ደፍታችሁ ንጹሕ ውሃ ሙሉ። ይህን ያህል ይበቃል።

ቴትሳ ከፎርት ኔልሰን በስተምዕራብ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ነው። የመንገዱ ሰዎች አሁንም በድሮው ማይል ስለሚቆጥሩ "ማይል 375" ይሉታል። ከእሱ ቀጥሎ መንገዱ ወደ ሰሚት ፓስ ይወጣል፤ 1,295 ሜትር፣ የአውራ ጎዳናው ከፍተኛ ቦታ ነው። የኛ አገር ሰው ይህን አቀማመጥ ያውቀዋል። አባይ በረሃ ከመውረዱ በፊት አውቶቡሱ ጎሃ ጽዮን ቆሞ ተሳፋሪው ቁርስ እንደሚበላው ማለት ነው። እማዬም ገና ከመኪናው ስትወርድ "ይቺ ጎሃ ጽዮን ናት" አለች።

በሩ ሲከፈት ቀረፋው ተቀበለን። የግንድ ቤት ነው፤ ውስጡ ሞቅ ያለ፣ ከምድጃ የወጣ ዳቦ የሚሸትበት። ውጭ ያለው ጽሑፍ ቦታውን የጋላክሲው የቀረፋ ዳቦ ማዕከል ያደርገዋል። ልጄ ይህን አንብባ ለአያቷ ስትተረጉም ከባንኮኒው ጀርባ የቆመችው ሴትዮ ፈገግ ብላ ታያቸው ነበር። እኔና ባለቤቴ ተያየን። ረቡዕ ነው። እማዬ ግን አንገቷን ቀና አድርጋ "እናንተ ብሉ፣ እኔ ሽታው ይበቃኛል" አለች። ማን ይበላል! እሷ እያየች ልጄ እንኳን እጇን አልዘረጋችም።

ስለዚህ ዕቅዳችንን ቀየርን። ሎጁ የአር ቪ ማቆሚያ ስላለው እዚያው አደርን። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እማዬ በመኪናችን ምድጃ ሽሮ ሠራች፤ እንጀራ ከኤድመንተን ይዘን ነበር። ከሽሮው በኋላ ቡናዋን ቆልታ በጀበና አፈላች። ከሁለተኛው ቡና አንድ ሲኒ ይዛ፣ እንዳይደፋ በሌላ እጇ ሳህኑን ደግፋ፣ ግቢውን አቋርጣ ለሴትዮዋ አደረሰች። ቋንቋ የላቸውም። ሴትዮዋ ቆማ እስከ አተላው ጠጣችና ሲኒውን ራሷ አጥባ መለሰች። እማዬን ከዚያ በላይ ያስደሰታት ነገር በጉዞው ሁሉ አልነበረም፤ "ያደገች ልጅ ናት" እያለች አመሸች።

ሐሙስ ጠዋት መጀመሪያ የገባነው እኛ ነን። ዳቦው በሳህን ሲቀርብ መዳፍ ያክላል፤ እንደ ጥምጥም ተጠቅልሎ የቀረፋው ስኳር በየእጥፉ ቀልጦ ወደ መሃል ወርዷል። ዳር ዳሩ ጠንከር ይላል፣ ሲቀደድ ውስጡ እንደ ጥጥ ይሳባል፣ እንፋሎቱም አልወጣለትም ነበር። እማዬ አማትባ ከውጭ ጀምራ እጥፉን እየፈታች በላች። አትናገርም። ግማሽ ላይ ስትደርስ "እርሾው አልተቸኮለበትም፤ ሊጡ ደህና አድርጎ ኩፍ ብሏል" አለች። ድፎ ዳቦ ስትደፋ የኖረች ሴት ናት፤ ይህን ቃል ለማንም በቀላሉ አትሰጥም። ቀረፋው የጠገበውን፣ ከሁሉም የሚጣፍጠውን የመሃሉን እምብርት ቆርጣ ለልጄ አጎረሰቻት።

እኔ በቤቱ ዳቦ የተሠራ ሳንድዊች ጨመርኩ። ጥሩ ነበር፤ ግን እዚያ ሄዳችሁ አንድ ነገር ብቻ የምትበሉ ከሆነ የቀረፋውን ዳቦ ብሉ። ዋጋውን ከከተማ ጋር አታወዳድሩ። ዱቄቱም ስኳሩም ነዳጁም በከባድ መኪና እየተጫነ ነው እዚያ የሚደርሰው።

ስለ መንገዱም ካላወራሁ ስለ ቤቱ አላወራሁም። ይህ መንገድ የተጠረገው በ1942 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። ጃፓን ፐርል ሃርበርን ከመታች በኋላ የአሜሪካ ጦር አላስካን በየብስ ለማገናኘት በስምንት ወር ገደማ ከፈተው። ከሠሩት ከ10 ሺህ በላይ ወታደሮች ሲሶ ያህሉ ጥቁሮች ነበሩ። ማክሰኞ ያለፍነውን የሲካኒ ቺፍ ወንዝ የመጀመሪያ ድልድይ በሦስት ቀን ተኩል ውስጥ ያቆሙት የ95ኛው የመሐንዲስ ሬጅመንት ወታደሮች ከእነሱ መካከል ናቸው፤ እዚያ ላይ አቁሜ ለልጄ ነግሬያታለሁ። መንገዱ ለሕዝብ ሲከፈት ማረፊያ ቤቶች በየርቀቱ ተተከሉ። መኪና ፈጣን ሲሆን ብዙዎቹ ተዘጉ። ዛሬ ክፍት ሆኖ፣ ምድጃው ሞቆ የሚጠብቅ ቤት ስታገኙ ቁሙና ብሉ፤ ካልበላንባቸው አይኖሩም። በሰሜን ብዙ ቤቶች በወቅት የሚሠሩ ስለሆኑ ከመነሳታችሁ በፊት ደውሉ።

ከቴትሳ በኋላ ሙንቾ ሐይቅን አልፈን ላያርድ ሪቨር ፍል ውሃ አደርን። እማዬ እንደ ጠበል አየችው፤ ከመግባቷ በፊት ጸለየች። ባይሰን የሚባሉት ጎሾችም ከመንገዱ ዳር በመንጋ ሆነው ይግጡ ነበር፤ በዚያ በኩል ቀስ ብላችሁ ንዱ።

ዓርብ ግን ቅር ያለኝ ነገር ገጠመን። በመንገዱ ላይ ባለ ሌላ ምግብ ቤት የአትክልት ሾርባ ለጿሚ አዘዝን፤ ሥጋ እንደሌለበት ጠይቀን "የለም" ተባልን። እማዬ ሁለት ማንኪያ ከቀመሰች በኋላ ነው በዶሮ መረቅ መሠራቱን የሰማነው። ማንኪያውን አስቀመጠች፤ ቀኑን ሙሉም አዝና ዋለች። ስለዚህ "ሥጋ አለው ወይ" ብቻ ብላችሁ አትጠይቁ፤ መረቁ ከምን እንደሆነ፣ ቅቤና ወተት እንዳለበት ለይታችሁ ጠይቁ።

ዋትሰን ሌክ መንገደኞች የከተማቸውን ስም የሚሰቅሉበት የምልክት ጫካ አለ። በ1942 ካርል ሊንድሊ የሚባል ወታደር አገሩ ናፍቆት ወደ ዳንቪል፣ ኢሊኖይ የሚያመለክት ሰሌዳ ተከለ፤ መንገደኛው እየጨመረበት ዛሬ ከ80 ሺህ በላይ ደርሷል። እኛም ከቤት ቀብተን ያመጣነውን "ደብረ ማርቆስ" የሚል ጣውላ ቸነከርን። መዶሻውን የያዘችው እማዬ ናት።

ቅዳሜ ስንመለስ ገና ሳንጠይቃት "ጎሃ ጽዮን እንቁም" አለች። ስድስት ዳቦ ገዛን። ሁለቱን እዚያው በላን፣ አራቱን በመኪናው ፍሪዘር ይዘን ኤድመንተን ገባን። ሰኞ ማታ ጎረቤት ጠርታ፣ ትንሽ ውሃ ረጭታ፣ በፎይል ሸፍና በምድጃ አሞቀቻቸው፤ እንደዚያ ካደረጋችሁት ልስላሴው ይመለሳል።