መጀመሪያ ገልብጡት፦ የ1952 ቶፕስ፣ የ1953 ቦውማን ወይስ የ1957 ቶፕስ?

የቤዝቦል (ኳስ በዱላ የሚመታበት የአሜሪካ ጨዋታ) ተጫዋች ፎቶ ያለበት የድሮ ካርድ ዋጋ በአብዛኛው የሚቆረጠው ፊቱ ታይቶ ነው። ማዕዘኑ ሹል ነው? ሥዕሉ መሃል ላይ ተቀምጧል? እኔ ግን የምገዛው ለማንበብ ነው። ተጫዋቹ የት ተወለደ፣ በየትኛው እጁ ይመታል፣ ስንት ሆም ረን (ከአጥር ውጭ የተመታ ኳስ) አለው? ይህ ሁሉ ያለው ጀርባው ላይ ነው። እንደኔ ዓይነት አመል ካለባችሁ ቶፕስና ቦውማን የተባሉት የአሜሪካ ካርድ አታሚዎች ያወጧቸውን እነዚህን ሦስት ስብስቦች እናወዳድር። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የ1952ቱ ቶፕስ ስመ ጥር ነው። 407 ካርዶች አሉት። ከነሱ መሃል ካርድ ቁጥር 311 ዝነኛው ተጫዋች ሚኪ ማንትል ነው፤ አንዱ ቅጂ በ2022 በ12.6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ከ311 ጀምሮ ያሉት ዘግይተው ስለወጡ ገበያ አጡ። የድርጅቱ ሰው የነበረው ሳይ በርገር እንደተረከው፣ የተረፈው ክምር በ1960 ገደማ አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ ተደፋ። ጀርባውስ? አጭር የሕይወት ታሪክ፣ ከዚያ ሁለት መስመር የጨዋታ ውጤት ቁጥር፦ ያለፈው ዓመትና የዕድሜ ልክ ድምር። አሥር ዓመት የተጫወተ ሰው መሃሉን እንዴት እንዳሳለፈው አይነግራችሁም። ለስሙ ነው የምትከፍሉት። ደግሞ ማስመሪያ ያዙ፦ ቶፕስ ራሱ በ1983 ይህን ስብስብ እንደገና አትሞታል። የድሮው ቁመቱ 3 ኢንች ከሦስት ሩብ ነው፣ የ1983ቱ ግን 3 ኢንች ተኩል።

የ1953 ባለቀለም ቦውማን ሌላ ዓለም ነው። 160 ካርዶች ብቻ። ፊቱ ንጹሕ ፎቶ ነው፤ ስም እንኳ የለበትም። ተጫዋቹ ፒ ዊ ሪስ አየር ላይ የተንሳፈፈበትን ካርድ ያየ ሰው ማን እንደሆነ ለማወቅ የግድ መገልበጥ አለበት። ጀርባው ላይ ያለፈው ዓመትና የዕድሜ ልክ ቁጥር አለ፤ ከዚያ አንድ ባዶ መስመር። ልጁ የ1953ን ውጤት ራሱ እንዲሞላበት የተተወ ነው! አንዳንዱ ልጅ በእርሳስ ሞልቶታል። ለሰብሳቢው ይህ ጉድለት ነው፤ ደረጃ የሚሰጡት ድርጅቶች ጽሑፍ ያለበትን ካርድ ዝቅ ያደርጉታል፣ ዋጋውም አብሮ ይወርዳል። እኔ እሱኑ ነው ፈልጌ የምገዛው። ከሰባ ዓመት በፊት አንድ ልጅ ጋዜጣ ዘርግቶ ቁጥር ሲገለብጥ ይታየኛል።

የ1957ቱ ቶፕስ ግን ለንባብ አቻ የለውም። ቶፕስ የተጫዋቹን የውጤት ቁጥር ዓመት በዓመት ዘርዝሮ ማተም የጀመረው ያኔ ነው። ሰውየው መቼ እንደወጣ፣ መቼ እንደወረደ ቁልቁል እያነበባችሁ ትከተሉታላችሁ። የታዋቂውን ተጫዋች የሃንክ አሮንን ካርድ፣ ቁጥር 20ን፣ እዩ። ፎቶው ግራና ቀኙ ተገልብጦ ስለታተመ አሮን ግራኝ መስሎ ቆሟል፤ ማልያው ላይ ያለው 44ም የተዞረ ነው። ጀርባው ግን በቀኝ እንደሚመታ በግልጽ ይናገራል። ዝነኛ ያልሆኑ ተጫዋቾች ካርድ፣ ትንሽ ያረጀ ከሆነ፣ ከሦስቱ ሁሉ የሚረክሰው እዚህ ነው። ከቁጥር 265 እስከ 352 ያሉት ብቻ እምብዛም ስለማይገኙ ይወደዳሉ፤ የዝነኛው ተጫዋች የብሩክስ ሮቢንሰን የመጀመሪያ ካርድም እዚያ ውስጥ ነው።

አንድ ጊዜ ተሸውጃለሁ። ሻጩ በፕላስቲክ አሽጎ ፊቱን ብቻ አሳየኝ፤ የሚያምር ካርድ ነበር። ቤት ገብቼ ስገለብጠው አልበም ላይ የተለጠፈበት ሙጫ ግማሹን ጽሑፍ ልጦታል። በኢንተርኔት ስትገዙም የጀርባውን ፎቶ ሳታዩ እንዳትከፍሉ። በተቃራኒው ሥዕሉ ወደ ጎን ያዘመመ፣ ማዕዘኑ የዶለዶመ፣ ጀርባው ግን ንጹሕ የሆነ ካርድ ለኛ ሲሳይ ነው፤ ገበያው ይንቀዋል፣ ጽሑፉ ግን አንድ ፊደል አልጎደለውም።

ለጀማሪ የ1957ቱን እላለሁ፤ ቦውማን ደግሞ አንድ ብቻ፣ በእርሳስ የተሞላውን። የ1957ቱ መጠን የዛሬዎቹ ካርዶች መጠን ስለሆነ በየሱቁ ባለው ባለ ዘጠኝ ኪስ ፕላስቲክ ልክክ ይላል። ለቦውማኑ ግን ረዘም ያለ ኪስ ግዙ፤ ባለ ዘጠኙ ውስጥ በግድ ካስገባችሁት ጫፉ ይታጠፋል።