ለአቃቂው ቴፕ ጠጋኝ ምስጋና

የሰው ድምፅ ያለበት ካሴት ቤታችሁ ካለ፣ ክሩ ተበጠሰ ብላችሁ እንዳትጥሉት። አቃቂ ውሰዱት።

ባለፈው ቅዳሜ አብረን የተማርን አራት ጓደኛሞች አቃቂ ገበያ ሄደን ነበር። አንዷ ከአሜሪካ ከመጣች ገና ሁለት ሳምንቷ ነው። ያደግነው እዚያው ነው። የእሷ እናት ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጡረታ የወጡ፣ እኛንም ከልጃቸው ሳይለዩ ያበሉን ሰው ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማር። ያኔ ውጭ አገር ስልክ መደወል ውድ ስለነበር ደብዳቤያቸውን በካሴት እየቀዱ በሰው እጅ ይልኩላት ነበር። ከዚያ ሁሉ የተረፈው አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ተበጥሷል። መሀል ከተማ አንድ ሱቅ ብንወስደው ልጁ በእጁ እንኳን ሳይነካው «ይሄማ አልቆለታል፣ ጣሉት» አለን። ጓደኛዬ ያን ቀን ምሳ አልበላችም።

አቃቂ የሄድነው ለጨዋታም፣ የሚሠራ ቴፕ ከተገኘም ለመግዛት ነበር። አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበትን ቦታ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የከሰል ካውያ፣ ፋኖስ፣ ጆሮው የተሰበረ ጀበና፣ ብቻ ቆራሌው ከየቤቱ የለቀመው ሁሉ ሸራ ላይ ተዘርግቷል። አንዷ ጓደኛችን እናቷ ቤት የነበረውን ዓይነት አበባ የተሳለበት ትሪ አይታ ካልገዛሁ አልንቀሳቀስም ብላ አቆመችን። እኛም በ1,500 ብር አንድ ናሽናል ቴፕ ገዛን። ይሠራል፣ ግን ድምፁ ይጎተታል። ሻጩ ራሱ ነው «ጫፍ ላይ ያሉት ጋሼ ጋ ውሰዱት» ያለን።

ጋሼ ስሜን እንዳትጽፊ ስላሉኝ አልጽፍም። ያላቸው አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ጃንጥላና የመኪና ባትሪ ነው። ቴፑን ከፍተው «ቺንጋው ላልቷል» አሉና ያንን የሚያሽከረክረውን ጎማ ቀየሩት፣ ድምፁን ከክሩ ላይ የሚያነበውን ሄዱን በአልኮልና በጥጥ ጠረጉት፣ አለቀ። ጓደኛዬ በመሀረብ የጠቀለለችውን ካሴት ስታወጣ ግን ተነስተው መጀመሪያ እጃቸውን ታጠቡ። «የማን ድምፅ ነው?» አሉ። «የእናቴ» አለቻቸው። ከዚያ ወዲያ ያ ሥራ እስኪያልቅ ሌላ ሰው አላስተናገዱም።

ካሴቱ ብሎን የለውም፣ የተጣበቀ ነው። በቢላ ጫፍ ቀስ ብለው ፈልቅቀው ክሩን አምስት ብሎን ወዳለው ሌላ ቀፎ አዛወሩት። የተጨማደደውን ጫፍ በምላጭ ሊቆርጡ ሲሉ ጓደኛዬ እጃቸውን ያዘቻቸው። አልተቆጡም። «ልጄ፣ በአንድ ሴኮንድ አምስት ሴንቲ ሜትር ግድም ነው የሚያልፈው። እኔ የምቆርጠው አንድ ጣት ነው። ቢጠፋ የአንድ ቃል ጫፍ ነው» አሏት። ለቀቀቻቸው። ሁለቱን ጫፎች ገጥመው መቀጠያውን ሄዱን በማይነካው ጀርባ በኩል ለጠፉት፤ ድምፁ ያለው ሄዱን በሚነካው በኩል ነው። በመጨረሻ ማንም ተሳስቶ ሌላ ነገር እንዳይቀዳበት ከካሴቱ ራስጌ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ፕላስቲኮች ሰበሩ። በሽቦ አገናኝተው ስልኳ ላይም ቀዱላት።

እዚያው መንገድ ዳር ከፈቱት። ከኋላ ዶሮ ይጮኻል። ከዚያ እማማ፣ ያው ድምፃቸው፣ «በርበሬው እንዳይሻግት ፀሐይ ላይ አውጪው እሺ፣ ደግሞ እዚያ ፀሐይ ካለ» አሉ። አራታችንም አለቀስን። ጋሼ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው ቆዩልን።

ለሁሉም የጠየቁን 400 ብር ነው። ሺህ ብንሰጣቸው ስድስት መቶውን መልሰው ቆጠሩልን።

ከሳሪስ በታክሲ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ አቃቂ ትይዛላችሁ። ገበያው ውስጥ ልባሽ ጨርቅ የሚሸጡትን አልፋችሁ «ቴፕ የሚሠሩት ጋሼ» በሉ፣ ሕፃን ልጅ ያሳያችኋል። ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል፤ ሰው ሲበዛ እንዲህ ያለውን ሥራ አይጀምሩም። ካሴቱን መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ እንዳትተዉት።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ እጅዎ ይባረክ። እኔም የአባቴን ሦስት ካሴቶች ይዤ የፊታችን ቅዳሜ እመጣለሁ።