የኬቪኤም ጌስት ሜሞሪ መጻፊያ ፋንክሽኖች፦ ሰርቼባቸው ያየሁት

ሰሞኑን ሊኑክስ ከርነል ውስጥ የኬቪኤም (ቨርቹዋል ማሽኖችን የሚያስኬደው ክፍል) ኮድ ስነካካ ነው የከረምኩት እና ጌስቱ (ቨርቹዋል ማሽኑ) ሜሞሪ ላይ መጻፊያዎቹን፣ ራይት ጌስትን እና ካሽድ የሚባለውን ወንድሙን፣ በደንብ ስላየኋቸው ሪቪው ልጻፍላቸው ብዬ ነው። ከ5 ኮከብ 4 ተኩል እሰጣቸዋለሁ።

ለምን እንደሚያስፈልጉ የገባኝ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣውን የኬቪኤም ሰዓት ባግ (የደህንነት ክፍተት መለያ ቁጥሩ ሲቪኢ-2013-1796) ሳነብ ነው። ጌስቱ ሰዓቱን እዚህ አድሬስ ላይ ጻፍልኝ ይላል፣ ከርነሉም ፔጁን (ሜሞሪ የሚከፋፈልበትን ቁራሽ) ቀጥታ ማፕ አርጎ 32 ባይት ይጽፍለት ነበር፣ አድሬሱ ፔጁ ጫፍ ላይ መሆን አለመሆኑን ግን ቼክ የሚያደርግ ኮድ አልነበረም። አስቡት፣ ፔጁ 4096 ባይት ነው፣ ጌስቱ 4080 ላይ ጻፍ ቢል እዛ ፔጅ ውስጥ የሚገባው 16 ባይት ብቻ ነው፣ ሌላው 16 ባይት ጎረቤት ፔጅ ላይ፣ የሆስቱ (ጌስቱን የተሸከመው ዋናው ማሽን) ሜሞሪ ላይ ይፈሳል! አብሮ በተገኘው ሌላ ባግ ምክንያት ደግሞ ቀጥታ ማፕ ማድረጉ ቀርቶ በካሽድ ተተካ።

ራይት ጌስት ይሄን ሁሉ ራሱ ይጨርስላችኋል። ጽሁፉን በፔጅ በፔጅ ይቆርጠዋል፣ አድሬሱን በሜሞሪ ስሎቶቹ (የጌስቱ ሜሞሪ ሆስቱ ላይ የት እንዳለ የሚመዘገብባቸው) በኩል ያጣራል፣ ፔጁ ወደ ዲስክ ወጥቶ ከሆነ ያስመልሰዋል፣ አድሬሱ የማይረባ ከሆነም ኤረር ይመልሳል እንጂ ሆስቱ አይወድቅም። ካሽዱ ደግሞ ያሰላውን አድሬስ ይዞ ይቆያል፣ ስሎቶቹ ከተቀየሩ ግን የጀነሬሽን ቁጥሩን (ስሎቶቹ ሲቀየሩ አብሮ የሚቀየረውን) አይቶ እንደገና ያሰላል።

እኔ በጣም የወደድኩት ግን የተጻፈበትን ፔጅ ደርቲ (ተቀይሯል) ብሎ መመዝገቡን ነው። አንዴ ለሙከራ በራሴ ፖይንተር ቀጥታ ጽፌ ማሽኑን ላይቭ ማይግሬት ሳረገው (ሳላጠፋው ወደ ሌላ ሆስት ሳዛውረው)፣ እዛኛው ሆስት ላይ የተገኘው አሮጌው ቁጥር ነው። ምንም ኤረር የለ፣ ሎግ ላይ ምንም የለ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ስፈልግ ነበር፣ ለካ ፔጁ ደርቲ ስላልተባለ እንደገና አልተላከም። ፋንክሽኑን ስጠቀም ወዲያው ተስተካከለ።

የማይመቸው፣ ፋንክሽኑ እንቅልፍ ሊገባ (ፔጁ እስኪመጣ ቆሞ ሊጠብቅ) ስለሚችል ስፒንሎክ (ተይዞ እያለ መተኛት የማይፈቀድበት መቆለፊያ) ይዛችሁ መጥራት አይቻልም። የሚመልሰውን ኤረርም ካላያችሁ ተጻፈ ብላችሁ ያልተጻፈ ነገር ላይ ትቀጥላላችሁ፣ እባካችሁ እዩት።

ግማሿን ኮከብ የቀነስኩት ግን ከጌስቱ ሁለቴ ማንበብን ስለማይከለክላችሁ ነው። ርዝመቱን አንብባችሁ ቼክ አርጋችሁ ለመጻፍ ስትሉ ድጋሚ ካነበባችሁት፣ በመሀል ሌላው የጌስቱ ሲፒዩ ቀይሮት ሊጠብቃችሁ ይችላል። ስለዚህ አንዴ ወደራሳችሁ ቫሪያብል ኮፒ አርጉት፣ ቼክ የምታደርጉትም የምትጠቀሙትም እሱኑ ይሁን፣ ወደ ጌስቱ ሜሞሪ ተመልሳችሁ እንዳታነቡ።