በደብረ ብርሃን ብስክሌቴን ለረጅሙ የተራራ ውድድር ያሰናዳው ጥገና ቤት

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ በአንኮበር አቅጣጫ በገጠር መንገድ የሚሄደውን ረጅም የተራራ ብስክሌት ውድድር ለመወዳደር የሚያስብ ሰው፣ ከእግሩ ጉልበት ቀጥሎ የሚያስፈልገው ብስክሌቱን በእውቀት የሚያሰናዳለት ባለሙያ ነው። ባለፈው ኅዳር ለዚሁ ውድድር ስዘጋጅ ብስክሌቴን የሰጠሁት በከተማችን ለሚገኝ አንድ አነስተኛ የብስክሌት ጥገና ቤት ነበር። የማመሰግነው ብዙ ቢሆንም የምነቅፈውም ስላለኝ የቤቱን ስም አላነሣም፤ ሥራውን ግን በዝርዝር እመዝናለሁ።

ዓለም አቀፉ የብስክሌት ኅብረት የተራራ ብስክሌት ማራቶን የሚለው ውድድር ከ60 እስከ 160 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለውን ነው። የእኛው ከዚህ ወሰን ወደ ታችኛው ጫፍ የቀረበ ቢሆንም፣ ክብደቱ በርዝመቱ ብቻ የሚለካ አይደለም። ደብረ ብርሃን ራሷ 2,840 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ከዚያ በባሶና ወራና ወረዳ የገብስና የባቄላ ማሳዎች መካከል ቀስ እያለ የሚወጣው መንገድ 3,000 ሜትርን ካለፈ በኋላ፣ ምድሩ በአንኮበር በኩል በድንገት ይቆረጥና የአፋርን ቆላ ቁልቁል የሚያየው ገደል ይጀምራል። ተወዳዳሪው አየሩ በሳሳበት ከፍታ እያለከለከ ወጥቶ፣ ትንፋሹ ሳይመለስ ድንጋይ በበዛበት ቁልቁለት ይወርዳል። ስለዚህ በእኛ አገር የብስክሌት ዝግጅት ሲባል ከሁሉ አስቀድሞ ፍሬን ማለት ነው፤ የዚህ ቤት ትልቁ ብርታትም እዚሁ ላይ ነው።

የቤቱ ባለቤት ደንበኛው ሁሉ «ጋሼ» የሚላቸው በዕድሜ የበሰሉ ሰው ናቸው። ብስክሌቱን ተቀብለው ከሰቀሉት በኋላ ስለ ማርሹም ስለ መቀመጫውም ምንም ሳይሉ ሁለቱንም ጎማዎች አወለቁ፤ የፍሬን ሸራዎቹንም አውጥተው ብርሃን ወዳለበት ወደ በሩ ይዘዋቸው ሄዱ። የኋላው ሸራ ከተለጠፈበት ብረት በላይ የቀረው ግማሽ ሚሊ ሜትር አይሞላም ነበር፤ ፊቱም በሙቀት ብዛት እንደ መስተዋት ያብረቀርቃል። «ልጄ፣ በዚህ ሸራ ገበያ ደርሰህ ትመለሳለህ፤ ከአንኮበር ጫፍ ቁልቁል ግን አትወርድበትም» አሉኝ።

ሙቀት የሚችለውና ቶሎ የማያልቀው፣ ብረት የተቀላቀለበት ሸራ እንዲገባልኝ ስጠይቃቸው፣ ገበያ እንዳገኘ ነጋዴ «እሺ» ብለው ከመደርደሪያው አላነሡልኝም። ዲስኩን፣ ማለትም ከጎማው ጋር የሚዞረውንና ሸራው የሚጨብጠውን ክብ ብረት፣ በጨርቅ ጠርገው የተቀረጸበትን ደቃቅ ጽሑፍ አሳዩኝ፤ ዲስኩ ለሬዚን ሸራ፣ ማለትም በሙጫ መሰል ነገር ለተያያዘው ለስላሳ ሸራ፣ ብቻ የተሠራ መሆኑን የሚገልጽ ነበር። እንዲህ ያለው ዲስክ ብረቱ ለስለስ ያለ በመሆኑ የብረት ሸራ ሲገባበት በፍጥነት ይበላል። የሬዚን ሸራ በበኩሉ ድምፅ የማያበዛና ገና ሲነካ የሚይዝ ቢሆንም፣ በጣም ሲግል ጉልበቱ ይቀንሳል፤ በጭቃና በዝናብም ቶሎ ያልቃል። ጋሼ ወይ ሬዚኑን ይዤ ቁልቁለቱን ፍሬኑን እያሳረፍኩ እንድወርድ፣ ወይ ዲስኩንና ሸራውን አብሬ እንድቀይር ሁለቱንም አማራጮች ከነዋጋቸው ነገሩኝ፤ እኔም ሁለተኛውን መረጥኩ። ደንበኛው የጠየቀውን ሳይሆን የሚያስፈልገውን ከነምክንያቱ የሚያስረዳ ባለሙያ ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም፤ ይህን ቤት ከሁሉ በላይ ያከበርኩትም በዚህ ነው።

በፍሬኑ ዘይትም ላይ ጥንቃቄያቸው ያው ነበር። እንደ እኔ ብስክሌት ያሉት የሺማኖ ኩባንያ ፍሬኖች የሚሠሩት በማዕድን ዘይት ሲሆን፣ ለመኪና የሚሸጠው የፍሬን ዘይት ከገባባቸው በውስጣቸው ያሉትን ላስቲኮች ያበላሻል። የመኪናው ዘይት ግን በየመለዋወጫ ሱቁ የሚገኝ ስለሆነ ለመሳሳት ቅርብ ነው። ጋሼ የማዕድኑን ዘይት ለብቻው በተቀመጠ ጠርሙስ ይይዛሉ። አሮጌውን አፍስሰው ካወጡ በኋላ አዲሱን በመርፌ ከታች ወደ ላይ እየገፉ፣ የአየር አረፋ መውጣቱን እስኪያቆም ድረስ ሳይቸኩሉ ጠበቁ። በቱቦው ውስጥ አየር ከቀረ የፍሬኑ እጀታ ልል ይሆንና ሲጨብጡት እስከ መሪው ድረስ ይሄዳል፤ ይህ በገደል አፋፍ ላይ የሚያስከትለውን መዘርዘር አያስፈልግም።

ውጤቱ በውድድሩ ዕለት ታየ። ጠዋት ሜዳው ውርጭ አንጥፎ ስለነበር ጣቶቼ በጓንት ውስጥ ደንዝዘው ነበር፤ ያም ሆኖ ፍሬኑ በአንድ ጣት ይታዘዝልኝ ነበር። ቁልቁለቱ አጋማሽ ላይ ጥቂት ተወዳዳሪዎች ዲስካቸው እስኪበርድ መንገድ ዳር ቆመው አየሁ፤ የተቃጠለ ሸራ ሽታም ይሸት ነበር። የእኔ ፍሬን ከላይ የነበረውን ጉልበት እስከ ታች ሳይለቅ አደረሰኝ።

ማርሹን በተመለከተ ሥራው መልካም፣ ፍጻሜው ግን ጎደሎ ነበር። ጋሼ ካቴናውን በተራ ማስመሪያ ለኩት፤ አዲስ ካቴና 24 ቀለበቱ 30.48 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ከረዘመ መለወጥ አለበት፤ አለዚያ የማርሹን ጥርሶች ይበላቸዋል። የእኔው አልፎ ስለነበር ተለወጠ። የኋላው ትልቁ ማርሽ ከ42 ጥርስ ወደ 51 ጥርስ እንዲያድግም ያሳሰቡኝ እሳቸው ናቸው። ፊት ለፊት 32 ጥርስ ባለው ባለ 29 ኢንች ጎማ ብስክሌት ላይ አንድ የፔዳል ዙር በ42ቱ 1.75 ሜትር ያህል ሲያስኬድ፣ በ51ዱ 1.44 ሜትር ገደማ ብቻ ያስኬዳል፤ ዳገት ላይ ይህ ልዩነት በብስክሌት ላይ ሆኖ በመውጣትና ወርዶ በመግፋት መካከል ያለው ልዩነት ነው።

የምነቅፈው ከዚህ ይጀምራል። አዲሱን ካቴና ብስክሌቱን ያስረከበኝ ረዳታቸው በሞተር ዘይት አርሶት ነበር። ኅዳር የአጨዳ ወቅት ነው፤ የገጠሩ መንገድ በአህያና በጋማ ከብት ኮቴ ተፈጭቶ ልሞ አቧራ ሆኗል። ወፍራም ዘይት ይህን አቧራ ይሰበስባል፤ አቧራውና ዘይቱ ተለውሰው ብረት የሚሞርድ ጥቁር ጭቃ ይሆናሉ። ገና ግማሽ መንገድ ሳልደርስ ካቴናው መንጫጫት ጀመረ፤ በዳገቱም ላይ ማርሽ በቀየርኩ ቁጥር አንዱን ጥርስ እየዘለለ ያስቸግረኝ ነበር። ለደረቅ አቧራ የሚሆነው በስሱ ተቀብቶ ትርፉ በጨርቅ የሚጠረግ ቀጭን የካቴና ቅባት ነው። ፍሬኑን በዚያ ሁሉ ጥንቃቄ የሠራ ቤት የመጨረሻውን የአምስት ደቂቃ ሥራ ያለ ቁጥጥር ለረዳት መተዉ አሳዝኖኛል። ረዳቱን አልወቅስም፤ ልጁ ትጉህና ትሑት ነው፣ የሚያስፈልገው የሚያሳየው ሰው ብቻ ነው።

ሌላው ጉድለት ቀጠሮ ነው፤ ብስክሌቱ ከተባለው ቀን ዘግይቶ ደረሰኝ፣ የተቀየሩት ዕቃዎች ዝርዝርም በጽሑፍ አልተሰጠኝም። የጉልበት ዋጋው ግን አስቀድሞ የሚነገርና ከተነገረው የማይጨምር ነው።

ዕቃ በቤቱ ብዙ አይገኝም። ዲስኩም ባለ 51 ጥርሱ ማርሽም ከአዲስ አበባ የመጡ ናቸው፤ 130 ኪሎ ሜትር ለሚርቅ ከተማ ይህ በየጊዜው ቀናትን ያስጠብቃል። አገራችን እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልበርን ኦሎምፒክ ብስክሌተኞችን አሰልፋ ሳለ፣ እንደ ሰሜን ሸዋ ያለ ለተራራ ብስክሌት የተፈጠረ ምድር ዛሬም አንድ የፍሬን ዲስክ ከሌላ ከተማ መጠበቁ በጣም ይቆጨኛል። ስለዚህም የዚህን ቤት ጉድለት በግልጽ የምናገረው ቤቱ እንዲሻሻልና እንዲቆይ ስለምፈልግ ነው።

ለቀጣዩ ውድድር ብስክሌቴን የምሰጠው ለዚሁ ቤት ነው። ወደዚያ ለሚሄድ ተወዳዳሪም የምለው ይህ ነው፦ የዲስካችሁን ጽሑፍ አንብባችሁና የሸራችሁን ዓይነት ለይታችሁ ሂዱ፤ ዕቃ ማዘዝ የሚጠይቅ ከሆነ ከውድድሩ አንድ ወር ቀደም በሉ፤ የፍሬኑን ሥራ ጋሼ ራሳቸው እንዲሠሩት ጠይቁ። የካቴናውን ቅባት ግን የራሳችሁን ይዛችሁ ሂዱና ስትረከቡ እዚያው ቆማችሁ አስቀቡ፤ ከዚያም ከመነሻው መስመር በፊት ባለው ሳምንት ቢያንስ አንድ ዳገት ወጥታችሁ ማርሹ ሳይዘል መቀየሩን አረጋግጡ።