ለክትባት ክፍሏ ሲስተር፦ እግዜር ይስጥሽ!

ልጄ 9 ወር ሞላውና ትናንት የኩፍኝ ክትባቱን ወሰደ። ማታ ትንሽ ተነጫነጨ እንጂ ዛሬ ደህና ነው። አሁን ተኝቶልኛል፣ ሳይነቃብኝ ይቺን ምስጋና ልጻፍ ብዬ ነው። ፊደል ከተሳሳትኩ ይቅርታ፣ አንድ እጄ እሱ ላይ ነው።

ክርስትና በ40 ቀኑ ተነስቶ የ45 ቀን ክትባቱን ያስከተብኩት ሌላ ቦታ ነበር፣ ስሙን አልጠራም። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተሰልፌ ተራዬ የደረሰው ምሳ ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። ክትባት የምትሰጠዋ "ካርድ!" አለችኝ፣ ቀና ብላም አላየችን። ልብሱን እስክፈታ "ቶሎ በይ እንጂ!" ተባልኩ። ተወጋ። ጡት ሲጠባ በጣም ያመኛል ልል አፌን ስከፍት የሚቀጥለው ሰው ተጠራ። ታክሲ ውስጥ እሱም እኔም እያለቀስን ገባን።

ከዚያ ብር ይውጣ ብዬ የግል ክሊኒክ ሄድኩ። ካርድ ከፈልኩ። ሚዛን ላይ እንኳን ሳያወጡት "ወተትሽ አልበቃውም" ብለው የዱቄት ወተት ስም የተጻፈበት ብጣሽ ወረቀት ሰጡኝ። እንዴት እንደሚጠባ ያየ የለም! እናቴ ደግሞ "ጤነኛ ልጅ ይዘሽ በሽተኛ መሃል ምን ያዞርሻል? ዓይን ይበላዋል" ትላለች። እውነት ለመናገር ልተወው ነበር።

ጎረቤቴ ናት "እስቲ የኛን ጤና ጣቢያ ሞክሪው" ያለችኝ። የ2 ወር ተኩሉን ይዤው ሄድኩ።

ሲስተሯ መርፌ ከማንሳቷ በፊት "ቁጭ በይ፣ እንዴት ከረማችሁ?" አለችኝ። እኔ እኮ የለመድኩት "ካርድ!" ነው። መዘነችው፣ ካርዱ ላይ ነጥብ አደረገች፣ የክብደቱን መስመር በጣቷ ተከተለችና "ይሄ ወደ ላይ መውጣት ነበረበት፣ ወደ ጎን ሄዷል" አለች። ቁጣ ጠበቅኩ። እሷ ግን ወንበሯን ስባ አጠገቤ ተቀመጠችና "እስቲ እዚሁ አጥቢው፣ ልይሽ" አለችኝ። ውጭ ሰው ሞልቶ!

ለካ ልጄ የሚይዘው ጫፉን ብቻ ነው። በእጇ አዞረችው፣ ሆዱን ከሆዴ አገጠመችው፣ አፉን በደንብ እስኪከፍት ጠብቃ አስያዘችኝ። አላመመኝም። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲውጥ ድምፁን ሰማሁት። እንባዬ መጣ። "አይዞሽ የኔ እናት፣ የመጀመሪያሽ አይደል?" ብላ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። የዱቄት ወተቱን ይቆይ፣ በሳምንቱ ይዘሽው ነይ አለችኝ። በሳምንቱ መስመሩ ወደ ላይ ወጣ። የካርዱ ሂሳብ ዛሬም አይገባኝም፣ ወደ ላይ መውጣቱ ግን ገብቶኛል።

ብዙዎቻችን የምንሳሳትበትን ደግሞ ልንገራችሁ። ከ3 ወር ተኩሉ ክትባት በኋላ የሚቀጥለው የኩፍኙ ነው፣ በ9 ወር። መሃል ላይ እንጠፋለን። እሷ ግን "መርፌ የለም ብለሽ እንዳትጠፊብኝ" አለችኝና በየወሩ ሄድኩ። ትመዝነዋለች፣ ድምፅ ሲሰማ ይዞራል ወይ፣ ዕቃ ይይዛል ወይ ትላለች። እናቴ ውሃ ካልሰጠሁት ብላ ስታስቸግረኝም "ይዘሻት ነይ" አለችኝ። "እማማ፣ እርስዎ ስንቱን አሳድገዋል፣ ለዚህኛው ግን 6 ወር እስኪሞላው ጡት ብቻ ይበቃዋል" ብላ በክብር አስረዳችልኝ። ዓይን ይበላዋል ያለችው እናቴ አሁን ቀጠሮ የምታስታውሰኝ እሷ ሆናለች።

እህቶቼ፣ ልጃችሁ ሳይታመም ውሰዱት! እኔ ክፍሉ ውስጥ ስገባ ሁሉ ነገር ስለሚጠፋኝ ጥያቄዬን ስልኬ ላይ ጽፌ ነው የምሄደው። ቶሎ የሚወልቅ ልብስ አልብሱት። ቀን የምትይዘው ሞግዚት ከሆነች እሷንም ይዛችሁ ሂዱ፣ ምክሩን እሷም ትስማው። ካርዱን አደራ አትጣሉት። ክትባቱ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው፣ እኔ ያንን ሁሉ ብር ያወጣሁት ባለማወቅ ነው።

ትናንት ቡና ገዝቼ ሄጄ ነበር፣ በፍጹም አልቀበልም አለች። "ማመስገን ከፈለግሽ ሌላ እናት ላኪልኝ" አለችኝ። ይኸው እየላክሁ ነው። ስሟን አደባባይ ላይ ለማውጣት አላስፈቀድኳትም፣ ቦታውን የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ ለሁላችሁም እመልሳለሁ። ጠዋት ግን ቀደም ብላችሁ ሂዱ፣ ጊዜ ወስዳ ስለምታይ ሰልፏ ቀስ ይላል። የኛ ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት በ15 ወሩ ነው፣ እስከዚያ ግን በየወሩ እዚያው ሰልፍ ላይ ታገኙናላችሁ።

ነቃ፣ ልሂድ።