50 ሜጋ እንዳልገዛ ለከለከለኝ የአዘዞ ልጅ

ይህን የምጽፈው ምስጋና ስላለብኝ ነው። ጎንደር ሆናችሁ፣ ቤታችሁ ዋይፋይ አስገብታችሁ «ፍጥነት ይጨመርልኝ» ልትሉ ያሰባችሁ ካላችሁ ደግሞ ብራችሁን ከማውጣታችሁ በፊት አንብቡት። እኔ ከ10 ሜጋ ወደ 50 ልወጣ አንድ ቀን ሲቀረኝ ነው ልጁ የደረሰልኝ።

መጀመሪያ ቤቱን ላስተዋውቃችሁ። ስድስት ነን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሦስት ልጆችና እናቴ። ትልቋ ማታ ማታ በዙም የምትከታተለው ኮርስ አላት። መካከለኛው የፍሪ ፋየር ጌም ሰው ነው፤ እራት ላይ እንኳ ልቡ እዚያው ነው። ትንሿ ካርቱን ካልተከፈተላት አትበላም (አውቃለሁ፣ ጥፋቱ የኛ ነው)። እናቴ በየማታው ዲሲ ካለው ወንድሜ ጋር በቪዲዮ ታወራለች። እሱ ምሳ ሰዓቱ ላይ ነው፣ እሷ ከመተኛቷ በፊት። ይህ ጥሪ በቤታችን ከዜና በላይ ነው።

ችግሩ ታዲያ ማታ ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። ቲቪው ላይ ያቺ ክብ መዞር ትጀምራለች። ትልቋ ከክፍሏ «አባዬ፣ ወጣሁ እኮ! አስተማሪው ጠርቶኝ ነበር!» ትላለች። ወንድሜ አፉን እንደከፈተ ደርቆ ይቀራል። እናቴ «ምን ሆነብኝ?» ብላ ትደነግጣለች። ልጁ ጌም ላይ በሞተ ቁጥር እኔን ነው የሚያየኝ።

እኔም የራሴ ቂም ነበረኝ። የምከፍለው ለ10 ሜጋ ነው። ኮምፒውተሬ ላይ ፋይል ሳወርድ ግን የሚያሳየኝ 1.2 ነው። «አሥር ከፍዬ አንድ!» እያልኩ ለስንት ሰው እንዳወራሁ አይጠየቅ። አንድ ዕቃ መሸጫ ገባሁና ችግሬን ነገርኳቸው። ሳይጠይቁ፣ ሳይለኩ «50 ሜጋ አስገባ፣ ይሄን ትልቁን ራውተርም ውሰድ» አሉኝ። ራውተር ማለት ዋይፋዩን ቤት ውስጥ የሚያሰራጨው ዕቃ ነው። አንቴናው ስድስት ነው። ሸረሪት ይመስላል። ልገዛው ነበር።

የሥራ ባልደረባዬ ነው «ቆይ፣ አንድ የኔትወርክ ልጅ አለ፣ እሱ ይይልህ» ያለኝ። አዘዞ ነው የሚኖረው። በግሉ ነው የሚሠራው። ቅዳሜ በስምንት ሰዓት እመጣለሁ አለ፤ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ከባጃጅ ወረደ። ይህን ደብቄ ባመሰግነው ደስ አይለኝም። ሰዓት ላይ ትንሽ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ሌላ ነው።

ቡና ቀርቦለት ሳይነካው ጠየቀኝ፦ «ጋሼ፣ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ እዚህ ቤት ማን ምን ያደርጋል?»

ስንት ስልክ አላችሁ አላለም። ቤቱ ስንት ክፍል ነው አላለም። እኔ የዕቃ ቁጥር ልደረድርለት ስጀምር አቋረጠኝ። ኪስ ውስጥ የተቀመጠ ስልክ ይህን ያህል አይበላም፤ ዋናው በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ጊዜ የሚሠራው ነው አለኝ። ከዚያ የትንሿን የቤት ሥራ ደብተር ተበደረና በጀርባው ጻፈ። ወረቀቱ አሁንም ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል፤ እያየሁ ነው የምገለብጥላችሁ። ቲቪ በጥሩ ጥራት ፊልም ሲያሳይ 5። የትልቋ ዙም 3። የአንድ ስልክ ቪዲዮ፣ የባለቤቴም ይሁን የትንሿ ካርቱን፣ 3። የእናቴ ጥሪ 1። የልጁ ጌም ደግሞ 1 ብሎ ጻፈና «ይሄ እንኳ በዛ» አለ።

የጌሙ ልጄ ተናደደ። ለካ ጌም ሲጫወቱት የሚፈልገው ትንሽ ነው። ጌሙን ማውረድና ማደስ ነው ከባዱ። ለተጫዋች የሚያስፈልገው መልእክቱ ሄዶ እስኪመለስ ያለው ጊዜ ማጠሩ ነው፤ እነሱ ፒንግ የሚሉት። የጌሙ ሰርቨር፣ ጌሙን የሚያስኬደው ኮምፒውተር፣ ደግሞ ያለው ውጭ አገር ነው። «50 ሜጋ ብታስገባም ሰርቨሩ ወደ ጎንደር አይጠጋልህም» አለው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለሽንፈቱ ሌላ ምክንያት እየፈለገ ነው።

ድምሩ 13 መጣ። እኛ ያለን 10 ነው። «ታዲያ ያንሰናል ማለት ነው!» አልኩ፣ ያሸነፍኩ መስሎኝ። «ያንሳል፤ ግን ክፍላችሁ ውስጥ አሥሩንስ መቼ አገኛችሁት?» አለኝ።

የኔን የ1.2 ቂም የፈታልኝም እዚህ ላይ ነው። ኢንተርኔት ሲሸጥ በሜጋ ቢት ነው። ፋይል ሲወርድ ኮምፒውተሩ የሚያሳየው በሜጋ ባይት ነው። አንድ ባይት ስምንት ቢት ነው። 10 ለ8 ሲካፈል 1.25። ማለትም እኔ ለወራት «ተሰረቅሁ» እያልኩ ስምል የነበረው ልክ የከፈልኩትን እያገኘሁ ነው። ባለቤቴ ሒሳብ ሠራተኛ ናት። ምንም አላለችም። ዝም ብላ ፈንዲሻውን አቀረበች። ያቺ ዝምታ ግን አሁንም አልወጣችልኝም።

ከዚያ መለካት ጀመረ። መጀመሪያ የሁሉንም ሰው ዋይፋይ አስጠፋ። ላፕቶፑን በገመድ ከፋይበሩ ሳጥን፣ መስመሩ ቤት ከሚገባበት፣ ጋር አገናኘና ለካ፤ 9.4። «መስመራችሁ ጤነኛ ነው» አለ። ስልኩን ይዞ ራውተሩ አጠገብ ቆመ፤ 8 ተኩል። ወደ ትልቋ ክፍል ሄደ፤ 1.1። በሩን ዘጋው፤ 0.8። እዚያ ክፍል ተቀምጣ ነው ልጄ ዙም ስትማር የከረመችው።

ቤታችን ፒያሳ አካባቢ ያለ አሮጌ የድንጋይ ቤት ነው። ጣሊያን ጎንደርን የለቀቀው ኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው፤ የሠራው ግድግዳ ግን አልለቀቀንም። ክንድ ያህል ውፍረት አለው። ራውተሩ ደግሞ የነበረው ሳሎን ጥግ፣ ብፌው ውስጥ፣ ከቲቪው ጀርባ፣ ከመስተዋቱ ኋላ ነው። ላዩ ላይ የእናቴ ዳንቴል ተደርቦበታል። አቧራ እንዳይገባበት ብላ ነው። የአዘዞው ልጅ ዳንቴሉን በሁለት ጣቱ አነሳና ራውተሩን ዳሰሰው። ምጣድ ሆኗል።

«እማማ፣ ዳንቴሉ ዋይፋዩን አይከለክለውም። ግን አፍኖ ያሞቀዋል። ከሞቀ ደግሞ ይደክማል» አላት። የሚከለክለው መስተዋቱ ነው፤ ጀርባው የብረት ቅብ አለው፣ ሞገዱን ይመልሰዋል። ቲቪውም እንደዚያው። ግድግዳውን ተውት።

እኔ አሁንም ልቤ 50ው ላይ ነበር። ፍጥነቱ ከተጨመረ ተገፍቶ የሚደርስ ይመስለኛል። የሰጠኝን ምሳሌ ልንገራችሁ፤ ጎንደሬ ለሆነ ሰው ከዚህ የተሻለ አይገኝም። «ጋሼ፣ የጥምቀት ዕለት ፋሲል መዋኛ በር ላይ ተጋፍተው ያውቃሉ? ከፒያሳ የሚወስደው መንገድ ቢሰፋ በሩ ላይ ያለው ግፊያ ይቀንሳል?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። በሩ የኛ ራውተር ነው። እኔ መንገድ ላሰፋ ነበር።

ሌላ ጉድም ወጣ። ራውተሩ ውስጥ ገብቶ የተገናኙትን ዕቃዎች ሲያይ 17 ናቸው። የኛ 9 ነው። የቀሩት ስምንቱ የጊቢው ተከራዮችና የጎረቤት ልጆች ናቸው፤ ፓስወርዱን የሰጠው የጌሙ ጀግናችን ነው። ልቆጣ ስል እናቴ «ጎረቤት ውሃ ቢጠይቅ ይከለከላል?» ብላ ገላገለችው። የአዘዞው ልጅ ሁለታችንንም አስታረቀን። ፓስወርዱን ቀየረና ለብቻው የእንግዳ ዋይፋይ ከፈተ። ጣሪያውን 2 ሜጋ ላይ አሰረው። ጎረቤት መልእክቱን ይልካል፣ የኛን ምሽት ግን አይበላብንም። ሁሉም ራውተር ይህን አይችልም፤ የኛው ቻለ። ወረቀቱ ላይም 2 ጨመረበት፤ 15 ሆነ።

ቀሪው የጉልበት ሥራ ነው። የፋይበሩ ሳጥን ባለበት ቆየ። ከሱ ወደ ኮሪደሩ ገመድ በኮርኒሱ ሥር አሳለፈና ራውተሩን ቤቱ መሀል፣ ከሰው ራስ ከፍ አድርጎ ሰቀለው። ቲቪውን በገመድ አገናኘው፤ የማይንቀሳቀስ ዕቃ ዋይፋይ ምን ያደርግለታል አለ። ራውተሩ ዋይፋዩን የሚያሰራጭባቸውን ሁለት ሞገዶች ለያይቶ ስም ሰጣቸው። 2.4 የሚባለው ሩቅ ይሄዳል፣ ግድግዳም በተሻለ ያልፋል፣ ግን ጎረቤት ሁሉ እሱ ላይ ነው። 5 የሚባለው ፈጣን ነው፣ ግድግዳ ላይ ግን ይደክማል። ኮሪደሩን የሚያዩት ክፍሎች 5 ላይ፣ የእናቴ ጓዳ 2.4 ላይ ሆነ። የትልቋን ክፍል ደግሞ ለካ፦ 8.2።

የትልቋ ድምፅ ለብቻው ነበር ችግሩ። እሷ አስተማሪውን በደንብ ትሰማለች፣ እሱ ግን እሷን አይሰማትም። ይህ አፕሎድ ነው፤ ከቤት ወደ ውጭ የሚሄደው። ሲፈልግ ሲፈልግ የባለቤቴ ስልክ ላይ ደረሰ። የሠርግ፣ የክርስትና፣ የልደት ፎቶና ቪዲዮ፣ ሁሉም ዋይፋይ ባገኘ ቁጥር ወደ ጉግል ፎቶስ ይጫናል። ወደ ቤት የምትገባው ደግሞ ልክ ኮርሱ ሲጀምር ነው። ያንን ምሽት ላይ ዘጋው፤ ሌሊት ትከፍተዋለች። በዚህች ብቻ የልጄ ድምፅ ተመለሰ። 50 ሜጋ ብገዛ ኖሮ ይህን መቼም አላገኘውም ነበር።

አሁን ዋናው ነገር። ሥራውን ሲጨርስ «በቃ 20 ላስገባ?» አልኩት። እሺ ቢለኝ እሄድ ነበር፤ አምኜዋለሁ። «አይ፣ አንድ ሳምንት በዚሁ በአሥሩ ኑሩበት። ካስቸገራችሁ ያኔ ትጨምራላችሁ» አለኝ። ኖርንበት። አምስት ቀን አንድም ሰው አልጮኸም። ቅዳሜ እንግዳ መጣ፤ ቲቪውም ዙሙም ጥሪውም አንድ ላይ ሲሆኑ ክቧ ተመልሳ መጣች። ደወልኩለት። «እንግዲህ ወረቀቷን እዩዋት» አለ። 15 ነው፤ ስልኮች ራሳቸውን ሲያድሱ ለሚበሉት ሩብ ያህል ጨምሩበት፤ ወደ 19 ይመጣል። 20 አስገባን።

ከ20 በላይስ? ጠይቄዋለሁ። አንድ ጊጋ የሚሆን ጌም በ10 ሜጋ 13 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። በ20 ሰባት አይሞላም። በ50 ሦስት አይሞላም። «ለነዚያ አራት ደቂቃዎች ነው በየወሩ የሚከፍሉት?» አለኝ። ቤቱ ውስጥ ሁለት ሦስት ቲቪ በፎር ኬ (እጅግ ጥርት ባለው ምስል) የሚያይ ቤተሰብ ከሆነ ሌላ ነገር ነው፤ አንዱ ብቻውን ከ15 እስከ 20 ይወስዳል። የኛ ቲቪ ፎር ኬ እንዳልሆነ የነገረኝም እሱ ነው። ሻጩ ሌላ ነበር ያለኝ።

ያልተፈታም አለ። ጓሮ ያለው ማድ ቤት አሁንም አይዝም። ሌላ ማሰራጫ ይፈልጋል አለ፣ ግን «ወጥ እየሠራችሁ ምን ታያላችሁ?» ብሎ ተወው። ባለቤቴ በዚህ አልተስማማችም። መብራት ሲሄድም ነገሩ ሁሉ አብሮ ይሄድ ነበር፤ ለሳጥኑና ለራውተሩ የምትሆን ትንሽ የባትሪ ዩፒኤስ ግዙ አለን። ስትገዙ ከቻርጀሩ ላይ የተጻፈውን ቮልት አመሳክሩ፤ የኛ ሁለቱም 12 ናቸው። እናቴ አሁን መብራት ጠፍቶም ከዲሲ ጋር ታወራለች፣ በጨለማ።

ከገመዱ ዋጋ ሌላ ለድካሙ የጠየቀኝ 800 ብር ነው። ሦስት ሰዓት ሙሉ ነው የሠራው። እኔ ጨምሬ ልሰጠው ስል እምቢ አለ፤ ቡናውን ግን ሦስተኛውን ጠጥቶ ነው የሄደ። እናቴ እስከ በር ሸኝታ መርቃዋለች። እንዲህ ያለ ምርቃት እኔ ስመረቅም አላገኘሁ። ዳንቴሉ ላይ ግን አልተሸነፈችም። አሁን ኮሪደሩ መደርደሪያ ላይ፣ ከራውተሩ ሥር ተነጥፏል።

ስልኩን እዚህ አላወጣም፤ እሱም በአደባባይ አታውጣው ብሎኛል። የምትፈልጉ በኢንቦክስ ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄው እሰጣችኋለሁ። በሥራ ቀን ከ11 ሰዓት በኋላ ነው፣ ቅዳሜ ሙሉ ቀን። እሁድና በዓል አይሠራም፣ አትለምኑት። ስምንት ሰዓት ካላችሁ ዘጠኝን ጠብቁ። ስትደውሉ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ያንኑ ነው፦ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ማን ምን ያደርጋል? ቆጥራችሁ ቆዩት።