የሲኒማው ቅጂ ወይስ ረጅሙ?

አንድ የሆረር ፊልም በሁለት ቅጂ ሲመጣ የቱን እንይ? ብዙ ሰው «ያልተቆረጠ» የሚል ካየ ሳያመነታ እሱን ያነሳል። እኔ ግን መጀመሪያ የሲኒማውን እላለሁ።

«ዘ ኤክሶርሲስት»ን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣው ሁለት ሰዓት ያህል ነው። የ2000ው ቅጂ 10 ደቂቃ ገደማ ይረዝማል። ክፉ መንፈስ የያዛት ልጅ ወደ ኋላዋ ታጥፋ፣ በእጅና በእግሯ እንደ ሸረሪት ደረጃውን ስትወርድ የምትታየው እዚህኛው ላይ ነው። ጸጉር ያስቆማል፣ አይካድም። ግን ቶሎ መጣብኝ። የመጀመሪያው ፍርሃቱን ቀስ እያለ ነው የሚያጠራቅመው፤ እዚህ ግን ገና ሳንዘጋጅ ይፈነዳል።

በ2019ኙ «ሚድሶማር» ላይ ፍርዴ ይገለበጣል። የዳይሬክተሩ ቅጂ ከ20 ደቂቃ በላይ ጨምሯል። የጨመረው ደም ብቻ እንዳይመስላችሁ። የዋናዎቹ ፍቅረኞች ጭቅጭቅም አለበት፤ የወንዱ ራስ ወዳድነት ቁልጭ ብሎ ይታያል። መጨረሻው ላይ ልጅቷ የምትወስነው ውሳኔም ይበልጥ ይገባል።

«አንሬትድ» የሚለውስ? ያ ቅጂ ከአሜሪካው የፊልም ደረጃ አውጪ አካል የዕድሜ ደረጃ አልተሰጠውም ማለት ብቻ ነው። ሽፋኑ ላይ በትልቁ ሲጻፍ ጉድ ያለበት ይመስላል። አንዳንዴ የተጨመረው የሁለት ደቂቃ ወሬ ነው።